የደጉ ሳምራዊ ማግሥት

(ወደ ተራራ መንደሮች ስለሚወጣ የሕክምና አገልግሎት የቀረበ ትምህርት)



በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 10 የተጻፈውን የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ያልሰማ ክርስቲያን የለም ለማለት ይቻላል። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ደብድበው የጣሉትን መንገደኛ ካህኑ አይቶ አለፈው፤ ሌዋዊውም እንደዚሁ አይቶ አለፈው። ከአይሁድ ጋር በሃይማኖትም በኑሮም የማይተባበረው ሳምራዊ ግን አዘነለት፤ ዘይትና ወይን አፍስሶ ቊስሉን አሰረለት፤ በገዛ እንስሳውም ላይ አስቀምጦ ወደ እንግዶች ማረፊያ ወሰደው። ስብከታችን አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማል። ወንጌሉ ግን አንድ ቀን ጨምሮ ይነግረናል። በማግሥቱ ሳምራዊው ለቤቱ ጠባቂ ሁለት ዲናር ሰጠው፤ ሕመምተኛውንም አደራ አለው፤ ከዚያ በላይ ወጪ ቢያስፈልግ በተመለሰ ጊዜ ሊከፍለው ቃል ገባለት።

እንግዲህ የዚህ ሰው ምሕረት ሁለት ቀን አለው። የመጀመሪያው ቀን የርኅራኄ ቀን ነው፤ ሁለተኛው ቀን የአደራ ቀን ነው። በዘመናችን ሐኪሞች፥ ነርሶች፥ የመድኃኒት ባለሙያዎችና ተማሪዎች የዕረፍት ጊዜያቸውን ሠውተው፥ በክርስቶስ ስም ተሰባስበው፥ መኪና ወደማይደርስባቸው ተራራማ መንደሮች እየወጡ በነጻ ሲያገለግሉ እናያለን። ይህ ከበጎ ሥራዎች ሁሉ የከበረ ነው። እነዚህ ወንድሞችና እኅቶች የመጀመሪያውን ቀን በሚገባ እንደሚፈጽሙ አንጠራጠርም። የዚህ ትምህርት ጥያቄ ስለ ሁለተኛው ቀን ነው፤ ይኸውም ድንኳኑ ተነቅሎ፥ መኪናው ወደ ደሴ ከተመለሰ በኋላ በተራራው ላይ የሚቀረው ነገር ምንድን ነው የሚል ነው።

ከሐይቅ ወዲያ ያለው አገር

ነገሩን በአሳብ ብቻ እንዳንመለከተው አንድ ስፍራ እንምረጥ። ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ የያዘ ሰው ከጥቂት ጉዞ በኋላ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ብዙ ደቀ መዛሙርትን ያስተማሩበት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው በዚህ ነው። ከሐይቅ በስተ ምሥራቅ የወረባቦ ወረዳ ከተማ የሆነችው ቢስቲማ ትገኛለች። የሐርዲቦ ሐይቅ በስተ ደቡብ ይቀርባታል፤ በስተ ምሥራቅም ደጋው እየተቆረሰ፥ ሸለቆ በሸለቆ እየሆነ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። በእንዲህ ያለው አገር ርቀት የሚለካው በኪሎ ሜትር አይደለም፤ በአቀበቱና በቊልቊለቱ፥ በክረምትም በሚሞላው ወንዝ ነው። ጎረቤት መስለው የሚተያዩ ሁለት መንደሮች በመካከላቸው የግማሽ ቀን መንገድ ሊኖር ይችላል።

አሁን በአንዱ ተራራ ላይ የምትኖር አንዲት እናት በአሳባችን እንሣል። ዕድሜዋ ከ50 ዓመት ያለፈ ነው። ከልጅነቷ ጀምሮ በተደጋጋሚ የያዛት ትራኮማ የተባለው የዐይን ሕመም የዐይኗን ቆብ በውስጥ በኩል አቊስሎ፥ ቊስሉም ሲደርቅ ቆቡን ስቦ ሽፋሽፍቷን ወደ ውስጥ ቀልብሶታል። ዐይኗን በጨፈነችና በገለጠች ቊጥር ፀጉሩ ብሌኗን ይፍቀዋል። ስለዚህ ወረንጦ ከአጠገቧ አይለይም፤ ፀጉሩን ልጇ ወይም ጎረቤቷ ይነቅሉላታል፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም እየጠነከረ መልሶ ይበቅላል። ጭስ ባለበት ምድጃ ፊት እንጀራ ስትጋግር፥ ፀሐይ ላይ እህል ስታሰጣ፥ ሥቃይዋ ይበረታል። ይህ ሲደጋገም ብሌኑ ጠባሳ ያወጣና ብርሃኗ ይጠፋል። ከትራኮማ የሚመጣ ዕውርነት ደግሞ አንዴ ከደረሰ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የማይመለስ ነው።

ይህች እናት የአሳብ ሰው ብትሆንም ሕመሟ የአሳብ አይደለም። በ1997 እና በ1998 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ በተደረገው የዐይን ጤና ጥናት፥ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆነ ሕፃናት ከ100ው 40 ያህሉ በትራኮማ ተይዘው ተገኝተዋል፤ በአማራ ክልል ደግሞ ቊጥሩ ከ100ው ከ62 በላይ ነበረ። ከዚያ ወዲህ በተደረገው ብዙ ድካም ሕመሙ በብዙ ወረዳዎች ቢቀንስም ፈጽሞ አልጠፋም። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች ዛሬ የሚሠቃዩበት ጠባሳ ያኔ በሕፃንነታቸው የተዘራ መሆኑን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

ከሐኪሙ በፊት የደረሱት

ወደ ተራራው የሚወጣ አገልጋይ አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በዚያ መንደር ምሕረት የሚጀምረው እርሱ በደረሰበት ቀን አይደለም። በሌላው አገር እድር የሚባለው ማኅበር በወሎ ቅሬ ይባላል። ቅሬ የሞተውን ይቀብራል፤ ያዘነውን ያጽናናል፤ የታመመ ሰው ሲጠናበት ወይም ምጥ የያዛት ሴት ሌሊት ስትጨነቅ፥ ጎልማሶቹ ቃሬዛ አበጅተው፥ እየተቀያየሩ ተሸክመው ወደ ሕክምና ያወርዷታል። ለዚህም ደመወዝ የለውም፤ ምስጋናም አይጠበቅበትም፤ ዛሬ የተሸከመ ነገ እርሱም እንደሚሸከሙት ያውቃልና።

በማርቆስ ወንጌል በምዕራፍ 2 አንድ ሽባ አራት ሰዎች ተሸክመውት ወደ ጌታችን እንደ መጡ ተጽፏል። ሰዉ በሩን ሞልቶት ስለ ነበረ ጣራውን ነድለው አልጋውን አወረዱት። ወንጌላዊው በዚህ ስፍራ ጌታ የተመለከተው የእነርሱን እምነት መሆኑን ይመሰክራል። እነዚያ አራት ሰዎች ሐኪሞች አልነበሩም፤ ስማቸውም አልተጻፈም፤ ነገር ግን ያለ እነርሱ ትከሻ ሽባው ከቤቱ አይወጣም ነበር። ከቢስቲማ በላይ ባለው ቊልቊለት ቃሬዛ የሚሸከሙት ሰዎች የእነዚያ የአራቱ ወንድሞች ናቸው።

ስለዚህ ከከተማ የሚመጣው አገልጋይ ሰጪ እኔ፥ ተቀባይ እነርሱ የሚል አሳብ ይዞ ቢወጣ ገና ከመንገዱ ተሳስቷል። እርሱ የሚያደርገው ነገር ሌሎች ለብዙ ዘመን ሲሸከሙት በቆየው ሸክም ላይ የራሱን ትከሻ መጨመር ነው። ይህን የተረዳ ሐኪም መንደሩ በደረሰ ጊዜ አስቀድሞ የቅሬውን ሰዎች ይጠይቃል። ከአልጋው መነሣት ያቃተው፥ ከቤት ያልወጣው፥ ኀፍረት የያዘው ሕመምተኛ በየትኛው ቤት እንዳለ የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና። ወደ ድንኳኑ በእግሩ መጥቶ የሚሰለፈው ሰው ከመንደሩ ሕመምተኞች ሁሉ የጠናበት አይደለም።

የቀደሙት አብነት

ሕክምናን ለክርስቶስ ፍቅር ብሎ ማገልገል አዲስ ነገር አይደለም። ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም እንደ ነበረ ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክት መስክሮለታል። ኅዳር 22 ቀን የምናስባቸው ቅዱሳን ቆዝሞስና ድምያኖስ ሐኪሞች ነበሩ፤ ሕሙማንንም ያለ ዋጋ ይፈውሱ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ቅዱስ ባስልዮስ ከከተማው ውጭ ለሕሙማን፥ ለእንግዶችና ለድኾች የሚሆን ታላቅ ማረፊያ ሠርቶ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን መድቦበታል። ሰው የሚሸሻቸውን የሥጋ ደዌ ሕሙማን እርሱ እንደ ወንድም እየሳመ ይቀበላቸው እንደ ነበረ ወዳጁ ጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ተናግሯል። ልብ በሉ፤ ቅዱስ ባስልዮስ የተከለው ድንኳን አልነበረም፤ እርሱ ካረፈ በኋላ የሚቆይ ቤት ነበረ።

ወደ አገራችን ታሪክ ስንመለስ፥ ከዐድዋ ጦርነት በኋላ በ1888 ዓ.ም. ከሩስያ የተላከ የቀይ መስቀል የሐኪሞች ጓድ መጥቶ ቊስለኞችን አክሟል። ጓዱ ከጥቂት ወራት በኋላ ቢመለስም ሥራው በዚያ አልቀረም፤ ሩስያውያን ሐኪሞች በአዲስ አበባ የከፈቱት ሐኪም ቤት እስከ 1898 ዓ.ም. ድረስ ሕዝቡን አገልግሏል። አንድ ጊዜ የመጣ ርኅራኄ ወደሚቆይ አገልግሎት እንዴት እንደሚለወጥ ይህ ጥሩ ምሳሌ ነው።

የወሎ ምድር ራሷም በዚህ ረገድ ምስክር አላት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ አውሮፕላኖች ደሴን ሲደበድቡ ሐኪም ቤቱና የቀይ መስቀል ድንኳኖች እንኳ አልተረፉም። በዚያው ዓመት ዶክተር ጆን ሜሊ የተባለ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በፈቃዳቸው የተሰባሰቡ ረዳቶቹን እየመራ፥ በደሴ በኩል አልፎ እስከ ኮረም ተጉዞ ቊስለኞችን ያክም ነበር። የካቲት 25 ቀን ሰፈሩ በቦምብ ተመታ፤ እርሱ ግን አገልግሎቱን አልተወም። በመጨረሻም ሚያዝያ 25 ቀን በአዲስ አበባ ዘረፋ በተነሣ ጊዜ በመንገድ የወደቀ ቊስለኛ ሲያነሣ ጥይት መታው፤ ከሁለት ቀን በኋላም ዐረፈ። የወደቀን ለማንሣት ጎንበስ ብሎ የሞተ ሰው የሳምራዊውን መንገድ እስከ መጨረሻው ሄዷል።

በአንድ ቀን የሚያልቅና የማያልቅ ሕመም

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሕመም ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። በአንድ ጉብኝት የሚፈጸም ሕክምና አለ፤ በአንድ ጉብኝት ሊፈጸም ከቶ የማይችልም አለ። የአገልጋዩ ጥበብ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ነው።

ከፊተኛው ወገን የዐይን ሞራ ግርዶሽን መጥቀስ ይቻላል። ከላይ ባነሣነው ጥናት መሠረት በአገራችን ካሉት ዕውራን ግማሽ የሚያህሉት ብርሃናቸውን ያጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሞራ ግርዶሽ የጋረደው ዐይን በሠለጠነ እጅ፥ በንጹሕ ስፍራና በተሟላ መሣሪያ ቢቀደድ የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ሌላ ሕመም ከሌለበትም ሕመምተኛው በጥቂት ቀን ውስጥ የልጁን ፊት ያያል። ለዚህ ሥራ የሚወጣ ጓድ በሳምንት ውስጥ ታላቅ ነገር ይሠራል። እርሱም ቢሆን ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ጠብታውን የሚያስታውስና ቊስሉ እንዳያመረቅዝ የሚመለከት ሰው ያስፈልገዋል።

ከኋለኛው ወገን ደግሞ የሳንባ ነቀርሳ አለ፤ የተለመደው መድኃኒቱ ለ6 ወራት ሳይቋረጥ የሚወሰድ ነው። ሳይጨርስ ያቋረጠ ሰው ሕመሙ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሆኖ ሊመለስበት ይችላል። የደም ግፊት፥ የስኳርና የሚጥል በሽታም እንዲሁ ናቸው። ለደም ግፊት ሕመምተኛ የአንድ ወር ክኒን ሰጥቶ መመለስ ለተጠማ ሰው አንድ ጊዜ አጠጥቶ ምንጩ ያለበትን ሳያሳዩ እንደ መሄድ ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ደግሞ መድኃኒቱ በድንገት ሲቋረጥ ከፊተኛው የባሰ ሊጥለው ይችላል። እንግዲህ ለእነዚህ ሕሙማን ክኒን ከመስጠት በፊት፥ ክኒኑ ሲያልቅ ከየት እንደሚያገኙ ማረጋገጥ ይቀድማል።

ትራኮማ በሁለቱ መካከል የቆመ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን ሕመም ለማስወገድ አራት ሥራዎችን አንድ ላይ ማካሄድ እንደሚገባ ያስተምራል። አንደኛው የተቀለበሰውን የዐይን ቆብ በቀላል ቀዶ ሕክምና ማቃናት ነው። ሁለተኛው አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለመንደሩ ሕዝብ በየዓመቱ ማደል ነው። ሦስተኛው የሕፃናትን ፊት በየዕለቱ ማጠብ ነው። አራተኛው ውኃን ማቅረብና መጸዳጃ ቤት መሥራት ነው፤ ሕመሙን የሚያዛምተው ዝንብ በሜዳ ላይ በተጣለ እዳሪ ይራባልና። እንግዳው ሐኪም የፊተኛውን ሊሠራ ይችላል። የቀሩት ሦስቱ ግን በመንደሩ ሰው እጅ ያሉ ናቸው። ያችን እናት አክሞ የልጅ ልጆቿን ፊት ሳይታጠብ የተወ ሰው፥ ከ40 ዓመት በኋላ ወረንጦ የሚይዙ ሌሎች እናቶችን ትቶ ሄዷል። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸውም ሰዎች የአንዳንዶቹ ሽፋሽፍት ከጊዜ በኋላ መልሶ ስለሚቀለበስ፥ ዳግመኛ መጥቶ ማየት የግድ ነው።

ጸበልና መድኃኒት

በተራራው ላይ የሚያገለግል ሐኪም ከሚገጥሙት ጥያቄዎች አንዱ የጸበል ነገር ነው። ሕመምተኛው ጸበል ስጠመቅ መድኃኒት መውሰድ እምነቴን ማጉደል አይሆንብኝምን ብሎ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት መድኃኒታቸውን አቋርጠው የሞቱ ወገኖች መኖራቸው የሚያሳዝን እውነት ነው። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ግን ግልጽ ነው። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሡ ለሕዝቅያስ ከእግዚአብሔር የመፈወስን ቃል ባመጣለት ጊዜ፥ በቊስሉ ላይ የበለስ ጥፍጥፍ እንዲደረግለት አዘዘ፤ ይህም በትንቢቱ በምዕራፍ 38 ተጽፏል። መጽሐፈ ሲራክም በምዕራፍ 38 ሐኪምን ማክበር እንደሚገባና መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አንድ ላይ እንዲጠቀሙ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውን ገልጸው ተናግረዋል።

የጾምም ነገር እንደዚሁ ነው። ሕመምተኛ በጾም ሕግ እንደማይገደድ ቤተ ክርስቲያን ታውቃለች። ነገር ግን አንዲት ባልቴት ይህን ከማታውቀው ወጣት ሐኪም ብትሰማ ላትቀበለው ትችላለች፤ ከንስሓ አባቷ ስትሰማው ትቀበላለች። ስለዚህ ካህኑ በአገልግሎቱ ውስጥ እንደ እንግዳ ተመልካች ሊቆም አይገባውም፤ በሐኪሙ ጎን ቆሞ ትእዛዙን የሚያጸና ሊሆን ይገባዋል። ሐኪሙም በበኩሉ በሕዝቡ እምነት አይሣቅ፤ ወጌሻውንና የልምድ አዋላጇንም አያዋርድ። የተናቀ ሰው ምክር አይሰማምና።

ምሕረት የማትጠይቀው ጥያቄ

አንባቢ ሆይ፥ ስለ ዐይን ሕመምተኛዋ እናት ስንናገር ስሟን አልጠራንም፤ ሃይማኖቷንም አልተናገርንም። ምናልባት አንተ ስታነብ ክርስቲያን ናት ብለህ አስበህ ይሆናል። ነገር ግን በወረባቦ ከሚኖረው ሕዝብ የሚበዛው ሙስሊም ነው። እንግዲህ ሙስሊም ብትሆን የልብህ ኀዘኔታ ይቀንሳልን? ይህን ጥያቄ እያንዳንዳችን ለራሳችን በእውነት እንመልስ፤ ጌታችን ሳምራዊውን ለምሳሌ የመረጠው ይህንኑ ሊጠይቀን ነውና።

ከደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ የሚባል ስፍራ አለ። በ1870 ዓ.ም. በዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ስለ ሃይማኖት ታላቅ ጉባኤ የተደረገበት ነው። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ በዐዋጅ መገደዳቸውን ታሪክ መዝግቦታል፤ በግድ የተሰጠ ጥምቀት ምን ያህል ልብ እንዳቈሰለም እንዲሁ። ከዚያ ወዲህ በ1940ዎቹ ዓ.ም. በዚያው በቦሩ ሜዳ ከባሕር ማዶ የመጡ ክርስቲያኖች ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ሐኪም ቤት አቋቋሙ፤ ኋላም ለዐይንና ለቆዳ ሕሙማን ጭምር የታወቀ ሆነ። በደጁ የገባ ሁሉ የመጣው በቊስሉ ነው። በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ዓይነት ምስክርነት ታየ፤ የትኛው ለክርስቶስ እንደሚመች አንባቢ ይፍረድ።

ስለዚህ በክርስቶስ ስም የሚወጣ የሕክምና ጓድ መድኃኒትን እንደ ወጥመድ ማኖር አይገባውም። ክኒን የሚቀበለው ሰው ስብከት እንዲሰማ ማስገደድ፥ ክርስቲያኑን አስቀድሞ ሙስሊሙን ማዘግየት፥ ሕመምተኛውን ስለ እምነቱ መመርመር ጌታ ያላዘዘው ነው። እርሱ ደቀ መዛሙርቱን ሲልክ በነጻ የተቀበሉትን በነጻ እንዲሰጡ አዟቸዋል። ከዚህም ጋር የሕዝቡን ልማድ ማክበር ያሻል፤ ለሴቶች ሴት ሐኪም ወይም ነርስ ማዘጋጀት፥ በረመዳን ወራት የመድኃኒቱን ሰዓት ከሕመምተኛው ጋር መመካከር፥ ቀኑንም በዚያ አገር ገበያ መሠረት መወሰን የፍቅር ሥራ ነው። አንድ ሰው ለምን ይህን ታደርጋለህ ብሎ ቢጠይቅ ግን አገልጋዩ የተስፋውን ምክንያት በትሕትና ይናገር። የተጠየቀ ምስክርነት ጣፋጭ ነው።

የማረፊያው ጠባቂ ማን ነው?

አንዳንዶች እኛ ሥራና ቤተ ሰብ ያለን ሰዎች ነን፤ በዓመት አንድ ሳምንት ማግኘታችን እንኳ በብዙ ጭንቅ ነው፤ በተራራው ላይ ልንቀመጥ አንችልም ይሉ ይሆናል። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን ሳምራዊውም አልተቀመጠም። እርሱም ነጋዴ ወይም መንገደኛ ሆኖ የራሱ ጉዳይ ነበረው፤ በማግሥቱም መንገዱን ቀጠለ። ከመሄዱ በፊት ግን ሦስት ነገር አደረገ፤ ሕመምተኛውን ለታወቀ ሰው አስረከበ፥ ለአስታማሚው ገንዘብ ተወ፥ እንደሚመለስም ቃል ገባ። ከእኛም የሚፈለገው ይኸው ነው።

በዘመናችን የማረፊያው ጠባቂ ማን እንደ ሆነ መፈለግ አያስቸግርም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በአገራችን በየገጠር ቀበሌው ጤና ኬላ እየተሠራ፥ ከዚያው ከአካባቢው የተመረጡ፥ አንድ ዓመት ያህል የሠለጠኑ፥ ብዙውን ጊዜ ሁለት የሆኑ ሴት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ተመድበዋል። የወለደችውን ቤቷ ድረስ ሄዶ መጠየቅ፥ ሕፃናት መከተባቸውን መከታተል፥ መጸዳጃ እንዲቆፈር መምከር፥ ነቀርሳ የተጠረጠረበትን ወደ ጤና ጣቢያ መላክ የእነርሱ ሥራ ነው። እንግዳው ጓድ ሲመጣ እነርሱን ወደ ኋላ ገፍቶ በነጭ ካባው ብቻ ቢታይ፥ በማግሥቱ ሕዝቡ የእነርሱን ቃል ይንቃል። እነርሱን በፊቱ አስቀምጦ፥ ይህች ልጃችሁ የምትነግራችሁን ስሙ ብሎ ቢናገር ግን ከመድኃኒቱ ሁሉ የሚበልጥ ስጦታ ትቶላቸው ይሄዳል። በ2014 ዓ.ም. በደሴና በዙሪያዋ ባለው አገር በደረሰው ጦርነት ብዙ የጤና ተቋማት መዘረፋቸውንና መፍረሳቸውን ስናስብ፥ ማረፊያውን ማበርታት ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይገባናል።

ስለዚህ ወደ ተራራ ለመውጣት የሚያስብ ማኅበር የሚከተለውን ያስብ። አንደኛ፥ ከመነሣቱ በፊት የወረዳውን የጤና ጽሕፈት ቤት ምን እንደጐደለው ይጠይቅ፤ የተረፈውንና ጊዜው ሊያልፍበት የተቃረበውን መድኃኒት አይሸከም። ሁለተኛ፥ እያንዳንዱ ባለሙያ በተፈቀደለት ሙያ ብቻ ያገልግል፤ ሙያ የሌለው ወጣት ይመዝግብ፥ ውኃ ይቅዳ፥ ሽማግሌ ይደግፍ፤ ይህ ከመርፌው ያነሰ አገልግሎት አይደለም። ሦስተኛ፥ የታከመውን ሰው ሁሉ ስምና ሕመም ጽፎ አንዱን ቅጂ ለጤና ኬላው ይተው። አራተኛ፥ ወደ ደሴ ወይም ወደ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ቤት ሊላክ ለሚገባው ሕመምተኛ የመሳፈሪያውንና የሚያደርሰውን ሰው ያዘጋጅ፤ ድኻን ሂድ ብሎ ወረቀት መስጠት ብቻውን አያደርሰውምና። ይህ የእኛ ሁለት ዲናር ነው። አምስተኛ፥ የሕሙማንን ፎቶግራፍ እያነሣ ለመመስገኛ አያውለው፤ ቀኝ እጅ የምታደርገውን ግራ እጅ እንዳታውቅ ጌታ በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 6 አስተምሯል። ስድስተኛ፥ ከመሄዱ በፊት የሚመለስበትን ወር ተናግሮ በዚያ ወር ይመለስ። በየዓመቱ አዲስ ተራራ ከመፈለግ አንዱን ተራራ ደጋግሞ መውጣት ይሻላል።

ማጠቃለያ

አገልጋዩ በመጀመሪያ ዓመት ሲወጣ ያች እናት ወረንጦዋን ይዛ በሰልፉ ትቆማለች። ዐይኗ ታክሞ ትመለሳለች፤ ደስታዋም ታላቅ ነው። በሁለተኛው ዓመት ሲወጣ ግን የሚያያት በሰልፍ ላይ አይደለም። በደጃፏ ቆማ የልጅ ልጇን ፊት በጥቂት ውኃ ስታጥብ ያገኛታል። እርሱን ስታይ የምታውቀው ሰው ነውና ግባ ትለዋለች፤ ቡናም ታፈላለታለች። በዚያን ጊዜ እርሷ ሕመምተኛ፥ እርሱም እንግዳ ሐኪም መሆናቸው ቀርቶ ጎረቤቶች ሆነዋል። ጌታችን ያን ምሳሌ የተናገረው ባልንጀራዬ ማን ነው ለሚለው ጥያቄ መልስ አድርጎ መሆኑን እናስታውስ። ባልንጀራ የሚሆን ሰው በማግሥቱም ያስባል።

በሥጋው ወራት ድውያንን እየፈወሰ በየመንደሩ የተመላለሰው መድኃኔ ዓለም፥ በተራራ ላይ ላሉት ሕሙማን ምሕረቱን፥ ለሚሸከሟቸው ብርታትን፥ ለሚያክሟቸው ጥበብን ይስጥልን፤ እኛንም ከመጀመሪያው ቀን ወደ ሁለተኛው ቀን የምንደርስ ያድርገን፤ አሜን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር